የ2008 የዴቢያን ደካማ ቁልፎች ታሪክ

የሊኑክስ ሰርቨር ጠባቂ የደኅንነት ማሻሻያ በወጣ ጊዜ ፈጥኖ ከጫነው ሥራው እንዳለቀ አድርጎ መቍጠሩ የተለመደ ነው። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዐይነት ላይ ከ2006 እስከ 2008 የደረሰው ነገር ግን ይህ ግምት ምን ያህል ጐደሎ እንደ ሆነ ያስረዳል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ኦፕን ኤስኤስኤል በኮምፒዩተሮች መካከል የሚተላለፈውን መልእክት በምስጢር የሚጠብቅ ሶፍትዌር ነው። የምስጢሩ ቁልፍ የሚሠራው በዕጣ ከሚገኝ ቍጥር ሲሆን፥ ጥንካሬውም የሚለካው ቍጥሩን ለመገመት ባለመቻሉ ነው። በ2006 ይህን ጥቅል ለዴቢያን ያሰናዳ የነበረው ሰው፥ ቫልግሪንድ የተባለው የስሕተት መፈለጊያ ገና ምንም ያልተጻፈበት ሜሞሪ ተነበበ እያለ ስላስጠነቀቀው፥ ሁለት መስመሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ። ሰውየውን ቸልተኛ ማለት አይገባም፤ አስቀድሞ የኦፕን ኤስኤስኤልን ሠሪዎች ጠይቆ የሚከለክለው አላገኘም። ሆኖም ከሁለቱ መስመሮች አንደኛው ዕጣውን የሚያደባልቀው ዋናው መስመር ነበር። ከዚያ ወዲያ ከቁልፍ ቁልፍ የሚለያየው የሂደት ቍጥር ብቻ ሆነ፤ እርሱም ከ32,768 አይበልጥም። ስለዚህ አጥቂ ለየቁልፉ ዐይነትና መጠን ሊገኙ የሚችሉትን ቁልፎች ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ ሊያከማች ይችል ነበር።

ጕድለቱ የተሠራጨው በመስከረም 2006 ነው፤ ሉቺያኖ ቤሎ ደርሶበት ለሕዝብ የተገለጸው ደግሞ ግንቦት 13 ቀን 2008 ነው። 20 ወር ያህል ማለት ነው።

ማሻሻያው በጥቂት ደቂቃ ይጫን ነበር። ነገር ግን ቀድሞ የተሠራው ቁልፍ በማሻሻያው አይለወጥም። ከዚህም የሚከፋው፥ ቁልፍ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ ዕቃ መሆኑ ነው። አንድ ሠራተኛ በዴቢያን ወይም ከዴቢያን በወጣው በኡቡንቱ ላይ የሠራውን ቁልፍ በሌላ ሰርቨር ላይ አስመዝግቦ ከሆነ፥ ያ ሰርቨር ዴቢያንን ከቶ ባያውቅም በሩ ክፍት ነው፤ ጠባቂውም የሚጭነው ማሻሻያ የለውም። ይህን የተረዱት የዴቢያን ሰዎች የደካማ ቁልፎችን መዝገብ ከማሻሻያው ጋር አብረው ላኩ፤ ሰርቨሩም በመዝገቡ የተገኘውን ቁልፍ አልቀበልም እንዲል አደረጉት። በእኔ አስተያየት ከጥቅሉ እርማት ይልቅ ብዙ የጠቀመው ይህ መዝገብ ነው።

በሚያዝያ 2014 ኸርትብሊድ የተባለው ጕድለት በዚያው ሶፍትዌር ሲገለጥ ተመሳሳይ ነገር ታየ። አጥቂው በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን ሜሞሪ ማንበብ ይችል ስለ ነበር፥ ቁልፉም ሊወጣ ይችላል። በተጨማሪም አዲሱ ፋይል በዲስኩ ላይ ቢቀመጥ እንኳ፥ ቀድሞ የተነሣው አገልግሎት እንደገና እስኪነሣ ድረስ በአሮጌው መሥራቱን ይቀጥላል። ጥቅሉን መለወጥ፥ አገልግሎቱን ማስነሣት፥ አዲስ ቁልፍ መሥራት፥ የቀድሞውን የምስክር ወረቀት ማሰረዝ፤ ይህ ሁሉ ያስፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ አዲስ የምስክር ወረቀት አውጥተው በውስጡ ያንኑ አሮጌ ቁልፍ መልሰው የተጠቀሙ ድረ ገጾች ተገኝተዋል።