ደብዛዛውን ሰማይ በብዙ ፎቶግራፍ የመግለጥ ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚዘጋጀው ትርኢት ላይ የሳይንስ ክበባችን አንድ ሥራ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ እኛ አባሎቹ የመረጥነው በኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለውን ታላቅ ደመና ፎቶግራፍ አንሥቶ ማሳየት ነበር። ይህ ደመና በሳይንስ ስሙ ኔቡላ ይባላል፤ ከጋዝና ከአቧራ የተሠራ ሆኖ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዱበታል፤ ከእኛ ያለው ርቀትም 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በጥር ወር ማታ ከራሳችን በላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። በውሰት ያገኘነውን ካሜራ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርገን፥ እያንዳንዳቸው 4 ሴኮንድ የፈጁ 70 ፎቶግራፎች አነሣን። በኮምፒዩተር ደርበን አንድ ስናደርጋቸው ግን የወጣው ሥዕል የሚያሳፍር ሆነ። ከዋክብቱ እንደ ተጎተተ ክር ረዝመው፥ በመካከላቸው ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ጎልተው ታዩ። ለበዓሉ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ሥዕሉን አይተው፥ «ልጆች፥ ይህን ስሕተት መጀመሪያ የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት እንዴት እንዳለፉት መርምሩ» አሉን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ቃላቸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ የተገለጠው በ1839 ሲሆን፥ ባለቤቱም ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ነበረ። ዓመት ሳይሞላው ጥበቡ ወደ ሰማይ ዞረ። በ1840 በኒው ዮርክ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ጆን ዊልያም ድሬፐር የጨረቃን ምስል በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ አነሣ፤ ለዚህም 20 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ጨረቃ ብሩህ ስለ ሆነች ነገሩ ተሳካለት። ኔቡላ ግን እጅግ ደብዛዛ ስለ ሆነ፥ ሰሌዳው እስኪሻሻል አርባ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ።

አባት የጀመረውን ልጅ ፈጸመው። የዚያው የድሬፐር ልጅ ሄንሪ፥ በሙያው ሐኪም የነበረው፥ መስከረም 30 ቀን 1880 የኦሪዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ለማንሣት ቻለ። የካሜራው ዐይን ተከፍቶ የቆየው 51 ደቂቃ ነው። በ1882 ደግሞ ጊዜውን ወደ 137 ደቂቃ አሳድጎ ከፊተኛው የሚበልጥ ሥዕል አገኘ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ግን በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በተከታዩ ዓመት በ1883 እንግሊዛዊው ኤንድሩ ኮመን ያነሣው የኦሪዮን ሥዕል በቴሌስኮፕ እንኳ በዐይን የማይታዩ ከዋክብትን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ዐይን ያየውን መመዝገቢያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ ዐይን ያላየውን መፈለጊያ ሆነ።

«እንግዲያውስ አንዱን ፎቶግራፍ ለብዙ ሰዓት ከፍቶ ማንሣት ለምን አይበቃም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፥ ቴሌስኮፑ ከዋክብቱን እየተከተለ ካልዞረ ነጥብ የነበረው ኮከብ መስመር ይሆናል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰዎች ቴሌስኮፑን በሰዓት ሞተር እያዞሩ፥ አንዱን ኮከብ በመስቀለኛ ክር ላይ ለማቆየት በብርድ ሌሊት ለሰዓታት ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ይቆሙ ነበር። ያን ሁሉ ደክመው ነፋስ ቢነካው ወይም ደመና ቢመጣ የሌሊቱ ድካም በሙሉ ይጠፋል። ከዚህም በላይ፥ ኬሚካል የተቀባው ሰሌዳ ብርሃን በቈየበት መጠን የመቀበል ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ የምስሉም ሻካራ ፍሬ ደብዛዛውን ነገር ይሸፍነዋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፥ መፍትሔው ከአንዱ ወደ ብዙው መሻገር ሆነ። በአውስትራልያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ማሊን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአንድን የሰማይ ክፍል የተለያዩ ሰሌዳዎች እያስማማና እየደረበ በማተም፥ በአንዱ ሰሌዳ ላይ ፈጽሞ የማይለዩ ደብዛዛ ነገሮችን ለማውጣት ቻለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኮከቡ በሁሉም ሰሌዳ ላይ በአንድ ቦታ ስለሚገኝ እየተደመረ ይጎላል፤ ሻካራው ፍሬ ግን በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ቦታው ስለሚለያይ እርስ በርሱ ይጣፋል።

የዚህ ሂሳብ ደንብ ቀላል ነው። የፎቶግራፎቹን ቍጥር ካሬ ሥር ብንወስድ፥ ነጠብጣቡ ስንት ጊዜ እንደሚቀንስ እናውቃለን። 4 ፎቶግራፍ ቢደረብ ነጠብጣቡ በግማሽ ይቀንሳል፤ 16 ቢደረብ ሩቡ ብቻ ይቀራል፤ 100 ቢደረብ አንድ ዐሥረኛው ይቀራል።

በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የብርሃን መቀበያ ፈለሰፉ፤ ለዚህም ሥራቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ይህ መቀበያ ምስሉን በቍጥር ስለሚሰጥ፥ ፎቶግራፎችን መደመር የኮምፒዩተር ሥራ ሆነ። ነገር ግን አዲሱ መሣሪያ አዲስ ችግር አብሮ አመጣ። በመቀበያው ላይ ካሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን የብርሃን መቀበያ ነጥቦች፥ ፒክስል ከሚባሉት፥ አንዳንዶቹ ብርሃን ሳይነካቸው ያበራሉ። እነዚህ እንደ ሰሌዳው ፍሬ ቦታ አይለውጡም። ስለዚህ ፎቶግራፍ በበዛ ቍጥር ስሕተታቸውም ከእውነቱ ጋር አብሮ ይደመራል።

ይህን ችግር እንዴት እንደሚያሸንፉት ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን የሀብል ቴሌስኮፕ ታሪክ ነው። የቴሌስኮፑ ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ሮበርት ዊልያምስ፥ ለእርሱ ከተመደበው ጊዜ ወስዶ ባዶ የሚመስል የሰማይ ቍራጭ ላይ ለማዋል ቈረጠ። ጊዜው በከንቱ ይባክናል ብለው የሠጉ ነበሩ። ከታኅሣሥ 18 እስከ 28 ቀን 1995 በታላቁ ድብ ከዋክብት አቅጣጫ 342 ፎቶግራፎች ተነሡ። በዚህ ጊዜ ቴሌስኮፑ ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያነጣጥር አላደረጉትም፤ በየጊዜው ሆን ብለው ጥቂት ፈቀቅ ያደርጉት ነበር። ፎቶግራፎቹ በኋላ በከዋክብቱና በጋላክሲዎቹ ሲስማሙ፥ የታመመው ፒክስል በየፎቶግራፉ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ከብዙኀኑ የተለየውን ቍጥር ለይቶ መጣል ይቻላል። ከጠፈር የሚመጡ ኀይለኛ ቅንጣቶች የተዉት ጭረትም በዚሁ መንገድ ተወገደ። ባዶ በተባለው ቦታ ከ1,500 የሚበልጡ ጋላክሲዎች ተገኙ።

እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ተበላሸው ሥዕላችን ተመለስን። ከዋክብቱ ተጎትተው ሳለ ነጠብጣቦቹ ጥርት ብለው የታዩበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባን። ኮምፒዩተሩ ፎቶግራፎቹን ሲያስማማ የታመሙትን ፒክስሎች ከዋክብት መስለውት በእነርሱ ላይ አስማምቶ ኖሯል! እነርሱ ስለማይንቀሳቀሱ እርሱም ምንም ሳያንቀሳቅስ ደረባቸው፤ እውነተኞቹ ከዋክብት ግን ምድር ስትዞር ሄደዋል።

ስለዚህ በሌላ ማታ ሥራውን እንደገና ጀመርን። እንደ ቀድሞው 70 ፎቶግራፎች ስናነሣ በየ10 ፎቶግራፉ ካሜራውን በጥቂቱ ፈቀቅ አደረግነው። ቀጥሎም ብርዱ ሳይለወጥ የካሜራውን ዐይን በክዳኑ ሸፍነን፥ በዚያው 4 ሴኮንድ 20 ጥቁር ፎቶግራፎች አነሣን፤ በእነዚህ ላይ የታመሙት ፒክስሎች ብቻ ስለሚታዩ ከእያንዳንዱ የሰማይ ፎቶግራፍ ቀነስናቸው። የሥዕሉ ማዕዘኖች እንዳይጨልሙም እኩል ብርሃን ያረፈበትን ነጭ ጨርቅ አንሥተን ለማስተካከያ ተጠቀምንበት። ከ70ው መካከል አንዳችን ማቆሚያውን ስለ ነካነው የተንቀጠቀጡ 6 ነበሩ፤ እነርሱን ለመጣል ብንሳሳም ጣልናቸው። የቀሩት 64 ሲደረቡ ነጠብጣቡ ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ፤ ሄንሪ ድሬፐር ከመቶ አርባ ዓመት በላይ በፊት ያየው ደመናም ክንፉን ዘርግቶ ወጣልን።

ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ቦታውን የሚለዋውጥ ስሕተት በብዛት ይጠፋል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ስሕተት ግን በብዛት ይጠነክራል። ያን ስሕተት ሠርተን ሰባ ጊዜ ብንደግመው ኖሮ ሰባ ጊዜ የጸና ስሕተት እንጂ እውነት አይሆንም ነበር። ስለዚህ ሥራን መደጋገም ብቻውን አይበቃም፤ የቆሙበትንም ቦታ ፈቀቅ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ወላጆችና አስተማሪዎች በበዓሉ ቀን ወደ ሳይንስ ክፍል ሲገቡ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ያገኛሉ። አንደኛው ያማረው ነው፤ ሁለተኛው የተበላሸው ነው። ሁለተኛውን እንዳንጥለው የወሰንነው፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የክበቡ አባሎች ከመጀመሪያው ይልቅ እርሱ ያስተምራቸዋል ብለን ነው።

ከሳይንስ ክበብ አባል፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ