አንዲት ፍላግ፣ 460 ሚሊዮን ዶላር

የሞባይል መተግበሪያ ሠሪዎች አንዱን ኮድ ለሙከራም ለገበያም የሚያውሉት «ፍላግ» በሚሏት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስትበራ አንዱ የኮዱ ክፍል ይሠራል፤ ስትጠፋ ይተኛል። ተኛ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም። ይህን በውድ ዋጋ የተማረው የዎል ስትሪቱ አክሲዮን አገበያይ ናይት ካፒታል ነው።

ኩባንያው «ፓወር ፔግ» በተባለው ኮድ መጠቀም ያቆመው በ2003 ነበር (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከሲስተሙ ግን አላወጣውም። በ2012 አዲስ ኮድ ሲጻፍ ያችኑ አሮጌ ፍላግ ለአዲሱ ሥራ አዋሏት። ኮዱ በሰባት ሰርቨሮች ላይ ተጫነ፤ ስምንተኛው ተረሳ። የሚያጣራ ሁለተኛ ሰውም አልነበረም።

ኦገስት 1 ገበያው ሲከፈት ፍላጓ በራች። በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ዘጠኝ ዓመት የተኛው ኮድ ነቃ። የተፈጸመውን ትዕዛዝ ቆጥሮ «ይበቃል» የሚለው ክፍል በ2005 ከቦታው ተነስቶ ስለነበር፣ በ45 ደቂቃ 4 ሚሊዮን ያህል ግብይት ፈጸመ። የተደናገጡት ባለሙያዎች ደግሞ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ላይ አነሱት፤ አሮጌው እዚያም ተነሳ! ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት አንዱን ሰርቨር በረሳው ቴክኒሻን ላይ ነው። የእሱ ጥፋት የአንድ ሳምንት ነው፤ የኩባንያው የዘጠኝ ዓመት። ደግሞም በዚያው ጠዋት፣ ገበያው ሳይከፈት፣ ሲስተሙ ራሱ «ፓወር ፔግ»ን በስም የሚጠሩ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው አልነበረም።

በ2013 ናይት ካፒታል በተፎካካሪው ጌትኮ ተጠቃለለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን 12 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው።