የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲና የርዕዮተ ዓለም ትምህርት

ርዕዮተ ዓለም ማለት አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ስለ ሀብት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ፍትሕ ያለው የተያያዘ አመለካከት ነው። ሊበራሊዝም፣ ሶሻሊዝም፣ ብሔርተኝነትና እነዚህን የመሳሰሉት ዘመናዊ አስተሳሰቦች በየዩኒቨርሲቲው በትምህርትነት ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ርዕዮተ ዓለም እንደ ሒሳብ ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚያበቃ ትምህርት አይደለም፤ ተማሪውን «አንተስ ከማን ወገን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ታዲያ ይህን ትምህርት መንግሥት ሲያዝ ምን ይሆናል? ተማሪው በራሱ ተነሳሽነት ሲማረውስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ ምስክር የሚሆነን የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታንጋኒካ ነፃ ከመውጣቷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1961፣ በዳሬሰላም ከተማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ሥራውን የጀመረው በገዢው ፓርቲ በታኑ ሕንፃ ውስጥ ነው። የነበረው ፋኩልቲ የሕግ ብቻ ሲሆን፣ ተማሪዎቹም ከ15 አይበልጡም ነበር። ዲግሪው የሚሰጠው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ስም ነበር። ኮሌጁ በ1963 ከማካሬሬና ከናይሮቢ ጋር ተጣምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ1964ም ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ኮረብታ ተዛወረ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ ቦታውን «ምሊማኒ» ይለዋል፤ በስዋሂሊ «ኮረብታው ላይ» ማለት ነው።

ከኮረብታው በታች ያለው ሕዝብና ከላይ ያለው ተማሪ ምን ያህል እንደተራራቁ የታየው በ1966 ነው። መንግሥት ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች ብሔራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ አዘዘ። አምስት ወር በሰፈር ሠልጥነው፣ ከዚያ በኋላ ለ18 ወራት በሥራ ላይ ሳሉ ከደመወዛቸው 60 በመቶው እንዲቀነስ ተወሰነ። ኦክቶበር 22 ቀን 1966 ተማሪዎቹ የተማሪነት ካባቸውን ለብሰው ተቃውሟቸውን ለማሰማት ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ሄዱ። ከያዟቸው ጽሑፎች አንዱ የቅኝ አገዛዝ ዘመን ይሻል ነበር የሚል ነበር። አስቀድሞ መምህር የነበሩትና ሕዝቡም «ሙዋሊሙ» ማለትም «መምህር» እያለ የሚጠራቸው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ፣ ይህን ባዩ ጊዜ የራሳቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ፤ 400 የሚያህሉ ተማሪዎችንም ወደየቤታቸው ሰደዱ። አብዛኞቹ በተከታዩ ዓመት ተመልሰዋል።

ከዚህ ግጭት መንግሥት የደረሰበት መደምደሚያ ጥፋቱ ከትምህርቱ ነው የሚል ነበር። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1967 የአሩሻ አዋጅ ወጣ፤ አገሪቱም የኡጃማአንና ራስን የመቻልን መንገድ እንደምትከተል ተገለጠ። በማግሥቱ ባንኮች የመንግሥት ሆኑ። በማርች ወር ኔሬሬ ስለ ትምህርትና ራስን መቻል የጻፉት ታትሞ ወጣ፤ በዚያው ወር በኮሌጁ ጉባኤ ተደርጎ አንድ ኮሌጅ በሶሻሊስት አገር ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ሚና ምን እንደሆነ ተመከረበት። ከዚህም ለተማሪው ሁሉ የሚሰጥ የጋራ ትምህርት አደገ፤ ቆየት ብሎም የልማት ጥናት የሚል ስም ያዘ። ይህ የመንግሥቱ ክፍል ነበር።

ሌላው ክፍል የእሑድ ክፍል ነው። በዚያው በ1967 ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች አብዮታዊ ግንባር የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ዮዌሪ ሙሴቬኒ የተባለ የኡጋንዳ ተማሪ ነበር። አባሎቹ እሑድ እሑድ ተሰብስበው ማርክስን፣ ሌኒንን፣ ፋኖንንና ንክሩማን እያነበቡ ይከራከሩ ነበር። ከጉያና የመጡት የታሪክ መምህር ዋልተር ሮድኒም አብረዋቸው ይወያዩ ነበር። በዚያን ጊዜ ዳሬሰላም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የነፃነት ኮሚቴ መቀመጫ ነበረች፤ የሞዛምቢክ ነፃ አውጪ ግንባር የፍሬሊሞ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ በመጽሐፍ ያነበቡትን ትግል ከታጋዮቹ አፍ ይሰሙ ነበር፤ ሙሴቬኒን ጨምሮ አንዳንዶቹም ነፃ ወደወጡት የሞዛምቢክ አካባቢዎች ድረስ ሄደው አይተዋል።

በኖቬምበር 1969 ማኅበሩ «ቼቼ» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ ትርጉሙ «የእሳት ፍንጣሪ» ነው። በ1970 መጽሔቱ የኢሣ ሺቪጂን ረዥም ጥናት አወጣ። ሺቪጂ ያነሣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ባንኩና ፋብሪካው የመንግሥት መሆኑ ብቻ ሠራተኛውን ባለቤት ያደርገዋልን? ወይስ ሀብቱ በቢሮክራቶች እጅ ይገባል? እንግዲህ መንግሥት ሶሻሊዝምን ተማሩ ብሎ ነበር፤ ተማሪዎቹ ተምረው ያንኑ መለኪያ በመንግሥት ላይ አዋሉት። በኖቬምበር 1970 ማኅበሩም መጽሔቱም ታገዱ። ለእገዳው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ታንዛኒያ የራሷ ርዕዮተ ዓለም ስላላት ከውጭ የመጣ አያስፈልጋትም የሚል ነበር፤ «ቼቼ» የሚለው ስም ራሱ የሌኒንን ጋዜጣ «ኢስክራ»ን የሚያስታውስ ነበርና። ያም ሆኖ በኮረብታው ላይ የነበረው ክርክር አልቆመም። የሮድኒ ዝነኛ መጽሐፍ አውሮፓ አፍሪካን እንዴት ወደ ኋላ እንዳስቀረች የሚያስረዳው በ1972 የታተመው ከዚያው ክርክር መካከል ነው።

በአገራችን የነበረውን ሁኔታ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1964 ጀምሮ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም ያስተምሩ ነበር። ማርክሲዝምን ግን በአብዛኛው ያነበቡት ከክፍል ውጪ ነው፤ በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የመንግሥት ትምህርት ሆነ። ነገር ግን አንድ ዓይነት መጻሕፍት የሚጠቅሱ ወገኖች ልዩነታቸውን በክርክር ሳይሆን በጠመንጃ ለመፍታት ተነሡ፤ በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ብዙ ወጣት አለቀ። ከሟቾቹ መካከል ተማሪዎችና መምህራን ይገኙበታል።

ከእሑዱ ክፍል የወጡትም አንድ ዓይነት ሰዎች አልሆኑም። ሙሴቬኒ በ1986 በትጥቅ ትግል የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2005 በሕገ መንግሥቱ የነበረው የሥልጣን ዘመን ገደብ በእሳቸው አገዛዝ ተነሣ። ሺቪጂ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ሆነው ሥልጣን ላይ ያለውን ሁሉ ሲጠይቁ ኖሩ። ስለዚህ አንድ ሰው የትኛውን ርዕዮተ ዓለም እንደተማረ ማወቅ ብቻ ነገ የሚሠራውን አይነግረንም።

እኛ መምህራን ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። አንድን ርዕዮተ ዓለም ስናስተምር ማን እንዳመነጨው፣ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደተነሣ፣ ተቃዋሚዎቹ ምን እንዳሉና በሥራ ሲውል ምን እንዳስከተለ አብረን ማሳየት ይገባናል። ተማሪው ትርጉሙን ሸምድዶ ቢጽፍ ማርክ ያገኝ ይሆናል፤ መለኪያውን በራሱ አገርና በራሱ ወገን ላይ ማዋል ካልቻለ ግን ተማረ አንልም። ተማሪዎች ሆይ፣ በክፍል ውስጥ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ብትወያዩ መልካም ነው፦ በ1966 ከተማሪዎቹና ከመንግሥት በአገልግሎቱ ጉዳይ የማን አቋም ትክክል ነበር? በ1970ስ መጽሔቱን ማገድ ለሶሻሊዝሙ ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ለሁለቱም ጥያቄዎች አንድ ወገን ብቻ ይዛችሁ አትከራከሩ፤ በመሃል ቦታ ተለዋወጡና የባላጋራችሁን ሐሳብ ደግፋችሁ ተናገሩ።