ድምፅዋን ለሌላ ሴት የሰጡባት ተዋናይት

በ1929 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የካናሪዋ ግድያ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት የገባ ሰው በሸራው ላይ የሉዊዝ ብሩክስን ፊት ያያል፤ ከአፏ የሚወጣው ድምፅ ግን የሌላ ሴት ነበር። ፊልሙ በመጀመሪያ የተነሣው ያለ ድምፅ ነው። ሆሊውድ መናገር ሲጀምር ፓራማውንት ኩባንያ ፊልሙን ድምፅ ሊያለብሰው ፈለገ፤ ብሩክስን ተመልሰሽ ተናገሪ ቢላትም እምቢ አለች። ማርጋሬት ሊቪንግስተን የተባለች ተዋናይት በእርሷ ፋንታ ተናገረች። ኩባንያውም የብሩክስ ድምፅ ለፊልም አይሆንም ብሎ አስወራ። የቂም ወሬ ነበር፤ ነገር ግን ሰመረለት።

ብሩክስ በ1906 በካንሳስ ግዛት ቼሪቬይል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ፣ እናቷ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ ቤታቸውም መጻሕፍት የሞሉበት ነበር። በ15 ዓመቷ ዴኒሾን የተባለውን የዳንስ ቡድን ተቀላቀለች። በዚያ ታላቋ ማርታ ግራሃም ነበረችና፣ ትወናን የተማረችው ግራሃም ስትደንስ በማየት እንደሆነ ብሩክስ በኋላ ትናገር ነበር።

ከፓራማውንት ጋር የተጣላችው በ1928 ነው። ቃል የተገባላትን የደመወዝ ጭማሪ ሲነፍጓት ጥላቸው ወጣች፤ ዳይሬክተሩ ጌኦርግ ቪልሄልም ፓብስት ወደሚጠብቃት ወደ በርሊን አመራች። ፓብስት የፍራንክ ቬዴኪንድን ተውኔቶች «የፓንዶራ ሣጥን» በሚል ፊልም ሲሠራ ሉሉን ሆና የምትጫወት ሴት ሲፈልግ ቆይቶ ነበር። ፊልሙ በ1929 ሲወጣ ጀርመናውያን ሐያስያን ልጅቷ ምንም አትተውንም ብለው አጣጣሏት። እንግዲህ በዚያ ዘመን ተዋንያን ሐዘንን በእጃቸው፣ ፍርሃትን በዓይናቸው አግዝፈው ማሳየት ለምደው ነበር። ብሩክስ ግን ታስባለች፤ ካሜራውም ሐሳቧን ያነባል። በፊልሙ መጨረሻ፣ በለንደን የገና ዋዜማ፣ ነፍሰ ገዳዩን ሰው ገንዘብ የለኝም ቢላትም በፈገግታ ወደ ቤቷ ስታስገባው ልብ በሉ፤ ሞት እንግዳ ሆኖ የገባ ይመስላል። እኔ ከዚያ ትዕይንት የበለጠ ዝምታ በፊልም አላየሁም።

ወደ አሜሪካ ስትመለስ በሩ ጠበበባት። የመጨረሻ ፊልሟን በ1938 ከጆን ዌይን ጋር ሠራች። ከዚያም በኒውዮርክ በአንድ ትልቅ መደብር ሻጭ ሆና እስከ መሥራት ደረሰች። ረስቷት የነበረው ዓለም ያስታወሳት በ1955 ነው፤ ሄንሪ ላንግልዋ በፓሪስ ባዘጋጀው የሲኒማ ዐውደ ርዕይ ላይ ግዙፍ ምስሏን ሰቀለው። በቀጣዩ ዓመት የፊልም ቅርስ ጠባቂው ጄምስ ካርድ ወደ ሮቸስተር ከተማ ወሰዳት፤ በዚያ የራሷን የቆዩ ፊልሞች ተመለከተች፤ ብዕርም አነሣች።

የሕይወት ታሪኳን ጀምራ ነበር፤ ግን ረቂቁን አቃጠለችው። ሊሊያን ጊሽንና ግሬታ ጋርቦን የተመለከተውን መጣጥፏን ግን «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት አወጣላት። ኩባንያዎች ኮከቦቻቸውን ሆን ብለው እንዴት እንደሚያዋርዱ የጻፈችበት ነው፤ ስለ ሌሎች ቢሆንም እያንዳንዱ አንቀጽ በገዛ ቁስሏ የተጻፈ ነው። ዓረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው፤ ለማንም አይራሩም፤ ለራሷም ቢሆን። «ሉሉ በሆሊውድ» የተሰኘው የመጣጥፎቿ ስብስብ በ1982 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሮቸስተር አረፈች።