ስለ በረዶ ናዳና ስለ ተራራ መንገደኞች

በረዶ ሲባል የሀገራችን ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነው። ምድርን እንደ ባዘቶ የሚያለብሰውን ግን ከስሜን ደጋ ሰዎች በቀር ያየው ጥቂት ነው። ሆኖም ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው የድንጋይ ዙፋን ላይ፥ በስሜን ተራራ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም አጽፎ ነበር። ጽሕፈቱን በ6ኛው መቶ ዓመት ነጋዴው ኮስማስ ስለ ገለበጠው እስከ እኛ ደረሰ።

ንጉሡ የነገረን ጥልቀቱን ነው፤ ነገር ግን መንገደኛን የሚገድለው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። ሐኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዓመት አልፕ የሚባሉትን የኤውሮጳ ተራሮች ሲሻገር ያገኘውን ጸሓፌ ታሪክ ፖሊብዮስ ተርኮታል። ካለፈው ዓመት የቀረው በረዶ ጠንክሮ ሳለ አዲስ በረዶ በላዩ ወርዶ ነበርና፥ ወታደሮቹ ለስላሳውን ሲረግጡ እግራቸው ከታችኛው ደርሶ ያዳልጣቸው ነበር፤ የጭነት ከብቶቹም የታችኛውን ሰብረው በዚያው ተተክለው ቀሩ።

የዛሬ ሊቃውንት የሚያስተምሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በረዶ በየጊዜው እየወረደ ንብርብር ይሆናል፤ ከንብርብሩ አንዱ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ የላይኛው ሳይያያዝ ይቀመጣል። ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነበት ስፍራ አንድ ሰው ሲረግጠው ሁሉ በአንድነት ተሰንጥቆ ይናዳል። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ ሰሙን አልፎ ወርቁን እንዲፈልግ፥ ዐዋቂ መንገደኛ ጉድጓድ ቈፍሮ ከላዩ ሥር ያለውን ይመረምራል።

ምክርን ያልሰሙ አለቆች ያደረሱት ጥፋት እጅግ ያሳዝናል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. የኦስትርያ ወታደሮች በማርሞላዳ ተራራ ሥር ሰፍረው ነበር። የሰፈሩ አዛዥ አደጋውን አይቶ ለመልቀቅ ፈቃድ ቢጠይቅ የበላዮቹ ከለከሉት። ብዙ በረዶ ከወረደ በኋላ አየሩ ሞቀ፤ ታኅሣሥ በሚሉት ወራቸው በ13ኛው ቀን ናዳው ወርዶ 270 ያህል ሰዎችን ገደለ።

በዚያው በአልፕ በ11ኛው መቶ ዓመት የአዎስታው ሊቀ ዲያቆናት በርናርዶስ በ2469 ሜትር ከፍታ ላይ የእንግዳ መቀበያ ቤት አቁሞ ነበር። ወንድሞች በጉም ውስጥ የጠፋውን ይፈልጉ፥ የተቀበረውን ያወጡ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በናዳ የሞቱ አሉ። ዓለም ግን ከእነርሱ ይልቅ ውሾቻቸውን ያውቃል፤ ከ40 ሰው በላይ አድኗል የሚባለው ባሪ በበርን ከተማ ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ መኪና ከተራራው ሥር በተቈፈረው ዋሻ ያልፋል። የወንድሞች ቤት ግን አልተዘጋም፤ በብርድ ወራት ወደዚያ የሚወጣ ሰው ዛሬም በእግሩ በበረዶው ላይ ይሄዳል።