ፔፔሻ ንዑስ መትረየስ
ሶቪየት ኅብረት ሠራሽ፤ እ.ኤ.አ. የ1941 ሞዴል፤ ብረትና እንጨት

የናሚቢያ ነፃነት ጦርነት ሲጀመር በነፃነት ንቅናቄው በስዋፖ ተዋጊዎች እጅ ከነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ይህን የመሰለ ጠመንጃ ነበር። የድርጅቱ መሪ ሳም ኑጆማ የመጀመሪያዎቹን የጦር መሣሪያዎች ከአልጄሪያ አግኝተው በግብፅ፣ በሱዳን፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ በኩል ወደ አገር ቤት አስገቧቸው። ክቡ ካዝና 71 ጥይት ይጎርሳል፤ ነገር ግን ጥይቱ የሽጉጥ በመሆኑ ርቀት ላይ እምብዛም አይረባም፤ ለሄሊኮፕተር ደግሞ ጭራሽ።

ጠላት የመጣው በሄሊኮፕተር ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1958 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ በሰሜን ናሚቢያ ኦሙጉሉግዎምባሼ የነበረውን የሥልጠና ሰፈር ወረረ። ከሠልጣኞቹ አንዳንዶቹ የያዙት ቀስትና ፍላጻ ብቻ ነበር። ሁለት ተዋጊዎች ሲሞቱ ሌሎች ተማረኩ። አዛዣቸው ጆን ኦቶ ናንኩዱ ከጊዜ በኋላ ተይዘው ሮበን ደሴት ታሰሩ።

ከውጊያው አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1953 ዓ.ም. ናሚቢያን ትገዛ በነበረችው በደቡብ አፍሪካ ላይ በዚሁ አገዛዟ ምክንያት የመሠረቱትን ክስ ውድቅ አድርጎ ነበር። ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ስለተከፈሉ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወሰነ፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ መብት የላቸውም ተባለ። ጦርነቱን የወለደው ይህ ፍርድ ነው የሚሉ አሉ። ተዋጊዎቹ ግን ድንበር የተሻገሩት ከብይኑ በፊት ነው፤ ፍርዱ ያደረገው የቀረውን የሰላም ተስፋ ማሟጠጥ ነበር።

ናሚቢያ መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ውጊያው የተካሄደበት ዕለት በየዓመቱ የጀግኖች ቀን ሆኖ ይከበራል።