ስድስተኛው ጎሳ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ስሙኝ። ወሬው የሩቅ አገር አይደለም፤ የጎረቤታችን የሶማሊያ ነው።

በሶማሌ ልማድ ሁለት ጎሳዎች ደም ሲቃቡ ሽማግሌዎች ግራር ሥር ይቀመጣሉ። የደም ካሳው ይቆረጣል፤ ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፣ ለተገደለች ሴት 50። አንዳንዴም ቂሙ እንዲሽር ከገዳይ ወገን ልጃገረድ ተመርጣ ለሟች ወገን ትዳራለች። ልብ በሉልኝ! ዕርቁ የሚታሰረው በእሷ ነው። ጠላት ቤት ገብታ፣ ወልዳ፣ የሁለቱን ደም አንድ የምታደርገው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ መሐል ግን ቦታ የላትም። ማን ጠይቋት!

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያው መሪ ሲያድ ባሬ ከሥልጣን ወደቁ፤ ሞቃዲሾም በጎሳ ተከፋፍላ ተፋጀች። አሻ ሐጂ ኤልሚ የምትባል ሴት የሐዊዬ ጎሳ ልጅ ናት፤ ያገባችው ግን የዳሮድ ጎሳ ሰው ነው። የአባቷ ወገንና የባሏ ወገን ተታኮሱ። ለወንድሞቿ ታልቅስ ወይስ ለባሏ? እዚህ ብትሄድ የጠላት ሚስት፣ እዚያ ብትሄድ የጠላት ልጅ! ስንቷ ሶማሊያዊት እንዲህ መሐል ቤት ቀረች። አሻ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በ1992 ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሴቶችንና ሕፃናትን የሚታደግ ማኅበር አቋቋመች።

በ2000 የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ሶማሊያውያንን በአገራቸው አርታ ላይ ለዕርቅ ሰበሰቡ። ወንበሩ የተደለደለው በጎሳ ነው፤ አራቱ ትልልቅ ጎሳዎች አራት፣ አናሳዎቹ ተጠቃለው አምስተኛ። ሴቶቹስ በማን በኩል ይግቡ? የአባቷ ጎሳ ለባሏ ታደላለች ብሎ ይጠረጥራታል፤ የባሏ ጎሳ የሌላ ወገን ልጅ ናት ይላታል።

ይሄኔ እነ አሻ መከሩና እኛም ራሳችንን የቻልን ጎሳ ነን፣ ስድስተኛው ጎሳ በሉን አሉ። እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ጎሳ ይቅር ብለው ቢነሱ እውነት ነበራቸው፤ ግን የሚሰማቸው አልነበረም። የወንዶቹን ሕግ እንዳለ ተቀብለው በዚያው ሕግ ድርሻቸውን ጠየቁ። ከአባትም ከባልም ወገን የተገፉት ተገናኝተው በመገፋታቸው ተዛመዱ። እኔ ከዚህ የበለጠ የዕርቅ ጥበብ አላውቅም። ከ245 የሽግግር ምክር ቤት ወንበሮች 25 ለሴቶች ተሰጡ።

ከዚያ ኬንያ ላይ ሌላ ረጅም ድርድር መጣ። በ2004 ጥር ወር ስምምነቱ ሲፈረም አሻም እንደ ወንዶቹ ብዕር ይዛ ፈረመች። የሶማሊያ የሰላም ስምምነት ላይ የሴት ፊርማ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር። የሽግግሩ ቻርተርም ቢያንስ 12 በመቶ ወንበር ለሴቶች ይሁን አለ።

አለ እንጂ አልሞላም። የተመራጮቹን ስም የሚያቀርቡት የጎሳ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሽማግሌ ደግሞ በሴት ስም ወንበር ያጣ ይመስለው ነበር። በኋላ ድርሻው 30 በመቶ ይሁን ተባለ፤ በ2016ቱ ምርጫ የገቡት 24 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ የጎደለውን ድርሻቸውን ዛሬም በስም በስም እየቆጠሩ ይጠይቃሉ።